ደጁ ተዘግቶ ልብ ውጭ ሲቀር

   

ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር ለመጻፍ ቀላል አልሆነልኝም። የመጋቢ ሚስት በጓዳዋ ያለውን ድካም አደባባይ ማውጣት ይከብዳታል። ሰዎች «እሷማ ጸሎተኛ ናት» ብለው ሲያስቡ ያንን ማፍረስ ያስፈራል። ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዚሁ መንገድ እያለፋችሁ እንደሆነ ስለማውቅ ዝም ማለቱ ይበልጥ ከበደኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሴቶች የጸሎት ፕሮግራም አለን። ከጥቂት ወራት በፊት የመዝጊያውን ጸሎት እንድመራ ተጠየቅሁ። ቆሜ ጸለይሁ። ለሀገር፣ ለታመሙት፣ ለወጣቶች፣ ለትዳራችን ጸለይሁ። እህቶች «አሜን! አሜን!» አሉ። እንባቸውን የሚጠርጉም ነበሩ። ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ አንዲት ወጣት እናት ልጇን እንዳዘለች ጠጋ አለችኝ። ወደ ኅብረታችን ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «እኔ ሁለት ደቂቃ መጸለይ አቅቶኛል። ዓይኔን ስጨፍን የቤት ኪራዩ፣ የልጁ ሕመም፣ ስልኩ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም ይመጣብኛል። እግዚአብሔር ከእኔ የራቀ ይመስለኛል። እርስዎ እንዴት ነው እንደዚህ የሚጸልዩት?»

እኔም ሁላችንም የምናውቀውን ዝግጁ መልስ ሰጠኋት። «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ጌታ ይረዳሻል» አልኋት። ባጃጅ መጣና ተለያየን።

ወደ ዓባይ ማዶ ስንሻገር ጥያቄዋ አብሮኝ ተሻገረ። ለመሆኑ እኔ ብቻዬን፣ ሰው ሳይሰማኝ፣ አሜን የሚለኝ ሳይኖር ከጌታ ጋር የተነጋገርሁት መቼ ነው? ቀኑን ለማስታወስ ሞከርሁ። አልመጣልኝም። በሕዝብ ፊት ጸልያለሁ፣ በማዕድ ላይ ጸልያለሁ፣ በስልክ ለታመመ ሰው ጸልያለሁ። ለብቻዬ ግን ወራት አልፈውኛል። ያቺ እህት ጥያቄ ስትጠይቀኝ መልስ ያለኝ መስሏት ነበር። ሁለታችንም ግን አንድ ዓይነት በሽተኞች ነበርን። ልዩነታችን እሷ በሽታዋን መናገሯ፣ እኔ መደበቄ ብቻ ነበር።

ከዚህ በፊት እንደነገርኋችሁ ከሁለት ዓመት ወዲህ እናቴ ከእኛ ጋር ናት። ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አይሠራም፤ ንግግሯም ተወስዷል። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እንገለብጣታለን። ጠዋት አጥቤ፣ አብልቼ፣ ልጆቹን ሸኝቼ፣ ቤት የሚመጣውን እንግዳ አስተናግጄ ቁጭ ስል ሰውነቴ ይዝላል። መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ አንዱን ቁጥር አራት ጊዜ አነበዋለሁ፤ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። ከዚያ እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል። «መልእክት መጥቶ እንደሆነ ልየው» እላለሁ። አንዱ ቪዲዮ ሌላውን እየጎተተ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ለጸሎት የደከመው ዓይኔ ለስልኩ እንዴት እንደበረታ እኔም አይገባኝም።

ጥፋቱን ሁሉ ግን በስልክ ላይ እንዳላሳብብ አንድ ነገር ያስታውሰኛል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እናንተም ታስታውሳላችሁ። ለብዙ ወራት ፌስቡክ የለ፣ ቴሌግራም የለ፣ ቲክቶክ የለ። ያን ጊዜ በልቤ «በክፉው ቀን ውስጥ ቢያንስ የጸሎት ጊዜ አገኘሁ» ብዬ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ? ስልኩ ዝም አለ፤ ልቤ ግን ዝም አላለም። በስጋትና በወሬ ተሞላ። የተኩስ ድምፅ ባልሰማበት ሌሊት እንኳ ጆሮዬ ይጠብቅ ነበር። ያኔ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ጫጫታው ከውጭ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ደጅ ቢዘጋም ልብ ውጭ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ እንዲህ የደከመና የባከነ ሰው ወደ እግዚአብሔር እንዴት ይቀርባል? መጀመሪያ በርትቶ፣ ልቡን ሰብስቦ፣ ከዚያ ነው የሚመጣው? ወይስ እንደባከነ መምጣት ይችላል?

ያን ዕለት ማታ እማዬ ከተኛች በኋላ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን ገለጥሁ። የማርታና የማርያምን ታሪክ እኔም በሴቶች ኮንፈረንስ ላይ ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ! ሁልጊዜ ማርታን እወቅሳት ነበር። በዚያ ማታ ግን ማርታ እኔው ራሴ ሆኜ ታየችኝ።

የቀድሞው የአማርኛ ትርጉማችን ማርታ «ባከነች» ይላታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርሁት የግሪክኛው ቃል ወዲያና ወዲህ መጎተት የሚል ሐሳብ አለው። ልብ በሉ፣ ማርታ የምትጎተተው በክፉ ነገር አይደለም። ጭፈራ ቤት አልሄደችም፤ ሐሜት ላይ አልተቀመጠችም። እንግዳ ተቀብላ ወጥ እየሠራች ነው። ለዚያውም ለጌታ! ብዙዎቻችንን ከጌታ እግር ሥር የሚያስነሣን ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ መልካም ነገርም ሲበዛ ይጎትታል።

ማርታ ግን አንድ ትልቅ ነገር አድርጋለች። ብሶቷን ይዛ ወደ ጎረቤት አልሄደችም፤ ወደ ጌታ መጣች። እህቴ እንድታግዘኝ ንገርልኝ አለችው። አነጋገሯ ቁጣ አለበት፤ ጌታን ራሱን አይገድህምን እስከ ማለት ደርሳለች። ቢሆንም መጣች። ጌታም አላባረራትም፤ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርቶ አናገራት። በመጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር ስም ሁለት ጊዜ ሲጠራ ብዙውን ጊዜ ለሚወደውና ለሚፈልገው ሰው ነው። አብርሃምን፣ ሙሴን፣ ሳሙኤልን እንዲህ ጠርቷል። ማርታንም በዚያ ጭስ በሞላበት ማጀቷ እንዲሁ ጠራት።

አሁን የሚያስደንቀኝን ልንገራችሁ። ማርታ «ታግዘኝ» ስትል የተጠቀመችበት የግሪክኛ ቃል በአዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ እዚህ ሉቃስ 10፥40 ላይ ነው። ሁለተኛው የት ይመስላችኋል? ሮሜ 8፥26 ላይ! ጳውሎስ መንፈስ ቅዱስ በድካማችን እንደሚያግዘን፣ እንዴት መጸለይ እንዳለብን ባላወቅን ጊዜ እርሱ ራሱ በመቃተት እንደሚማልድልን የሚናገርበት ቦታ። የአማርኛው ትርጉምም በሁለቱም ቦታ ማገዝ ነው የሚለው። የቃሉ ሥዕል ከባድ ነገርን አንዱ በወዲህ ሌላው በወዲያ ጫፍ ይዞ አብሮ ማንሣት ነው።

ይህንን እኔ ቤት ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ። እማዬን ከአልጋ ስናነሣት ባለቤቴ በአንድ ጎን ይይዛል፣ እኔ በሌላው ጎን እይዛለሁ። ብቻዬን ብሞክር ወገቤ ይቆረጣል፤ እሷንም እጥላታለሁ። ሁለት ስንሆን ግን ትነሣለች። ማርታ ከእህቷ የፈለገችው እገዛ ለእኛ ከማን እንደተሰጠን አያችሁ? ከእግዚአብሔር መንፈስ ነው። የተሰጠውም «በድካማችን» ነው። በብርታታችን ቀን ብቻ የሚመጣ ረዳት ቢሆን ኖሮ እኔም ያቺም እህት ተስፋ አልነበረንም።

ወገኖቼ፣ ድካም ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ኤልያስን አስቡት (1ኛ ነገሥት 19)። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ያወረደው ነቢይ ብዙም ሳይቆይ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? ተግሣጽ አላስቀደመም። እንቅልፍ ሰጠው። መልአኩ ዳሰሰውና እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ። መልአኩም ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ እንደሚበዛበት ነገረው። በኮሬብ ያለው የለሰለሰው ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን ወይም በሽተኛ ስትጠብቂ አድረሽ ጠዋት ዓይንሽ አልገለጥ ቢል፣ ጠላት «እግዚአብሔርን ትተሻል» ሲልሽ አትቀበዪው። ምናልባት ጌታ በመጀመሪያ የሚሰጥሽ እንጀራና እንቅልፍ ሊሆን ይችላል።

እኛ በጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ታንኳን እናውቃለን። ከደንገል የሚሠራውን ማለቴ ነው። ነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ሲሠሩት ማየት ያስደስታል። ከዘጌ እንጨት ተጭኖበት ይመጣል፤ አሣ ይጠመድበታል። ታንኳ እንደ ብረት ጀልባ ተቀድዶ አይሰጥምም። ችግሩ ሌላ ነው። ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ደንገሉ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ከውሃው ጎትቶ ያወጣዋል፤ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ሲደርቅ ይቀላል። ነገም መልሶ ይጭንበታል።

ባለታንኳው ታንኳው ስለከበደ አይሰድበውም። ደንገል ውሃ እንደሚጠጣ ያውቃል። የፈጠረን ጌታም አፈር መሆናችንን ያውቃል (መዝሙር 103፥14)። የኔ ጥፋት መክበዴ አልነበረም። ጥፋቴ በክብደቴ ላይ ሌላ እየጫንሁ፣ ከውሃው መውጣትን እምቢ ማለቴ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ደግሞ «ደኅና ነኝ» ማለቴ። ጸሎት ለደረቀ ታንኳ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። የራሰው ታንኳ የሚደርቅበት ፀሐይ ነው።

ስለ ድካምና ስለ ተዘጋ ደጅ ካነሣሁ አይቀር፣ የአንድ የጎጃም ሰው ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። አቡ ሩሚ ይባላል። ብዙዎቻችን በእጃችን የያዝነው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጅማሬው ከየት እንደሆነ አናስተውልም። በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታትሞ የወጣውን እናውቃለን። ከዚያ በፊት ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሚቀድም ሥራ አለ።

አቡ ሩሚ ብዙ ሀገር የዞረ ሰው ነበር። በመጨረሻ ግብፅ፣ ካይሮ ላይ በእርጅናው ዘመን ታሞ ወደቀ። ከሀገሩ ርቆ፣ ዘመድ በሌለበት። አስላን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስል ደረሰለትና አዳነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መተርጎም ጀመሩ። ቆንስሉ በኋላ እንደተናገረው በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁ ለማንም እንግዳ ዝግ ነበር። ዐረብኛውን ቁጥር በቁጥር፣ በዝግታ ያነብባሉ። ከባድ ቃል ሲገጥማቸው ቆንስሉ ወደ ዕብራይስጡና ወደ ሌሎች ጥንታዊ ትርጉሞች ይሄዳል። አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፋል። ይህን ያደረጉት ለአሥር ዓመት ነው!

ሲያልቅ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ። እስቲ አብረን እናስላው። በሳምንት ሁለት ቀን ለአሥር ዓመት ማለት ከአንድ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ቀን ነው። ለየቀኑ ሲካፈል ዘጠኝ ገጽ ገደማ ይደርሳል። በአንድ ሌሊት የተሠራ ተአምር አይደለም። ማክሰኞ ዘጠኝ ገጽ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ገጽ። አቡ ሩሚ ሥራው ሲታተም አላየም፤ በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 ዊሊያም ጆዌት የተባለ አገልጋይ ለብሪታንያው የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተሙ፤ እነዚህም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልቤን ነካው። አንደኛው፣ እግዚአብሔር ቃሉን በቋንቋችን ሊሰጠን ሲወድ ታሞ የወደቀን፣ ለሀገሩ የማይበቃ የመሰለን ሽማግሌ መጠቀሙ ነው። ሁለተኛው ያ ደጅ ነው። ቆንስል የመንግሥት ሰው ነው፤ ባለጉዳይ ይበዛበታል። በሳምንት አምስት ቀን ደጁ ክፍት ቢሆን አልነቅፈውም። ሁለቱን ቀን ግን ዘጋ። ጌታም ስለ ጸሎት ሲያስተምር ወደ እልፍኝህ ግባ፣ ደጅህን ዝጋ ያለው ለዚህ ነው (ማቴዎስ 6፥6)። ሁልጊዜ ዝግ ደጅ ያለው ሰው የለም፤ ቤተሰብ ላለው አይቻልም። የተወሰነ ሰዓት የሚዘጋ ደጅ ግን ይቻላል።

«ደጁን ብዘጋም ልቤ ይባክናል፣ ምን ላድርግ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ የኔም ይባክናል። ስለ እምቦጭ ሰምታችኋል። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜኑ የጣና ዳርቻ ታየ። ሐምራዊ አበባው ሲያዩት ያምራል፤ የቀረበው ሰው መርዝ ነው አይልም። ነገር ግን ውሃውን ይሸፍናል፣ አሣውን ያፍናል፣ ጀልባ ያግዳል። የደንቢያና የአካባቢው ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ተነቀለ ሲባል ተመልሶ ይመጣል፤ ዘሩ በጭቃው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያልና። ደግሞም ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚፈሰው ቆሻሻ ምግብ ይሆነዋል።

የልብ መባከንም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ነቅለን የምንገላገለው አይደለም። ተመልሶ ሲመጣ «እኔ ለጸሎት አልተፈጠርሁም» ብለን ከውሃው አንውጣ። ሐሳባችን ሃያ ጊዜ ቢሸሽ ሃያ ጊዜ መመለስ ነው። ያ መመለስ ራሱ ጸሎት ነው። ከዚህ ጋር ምግብ የሚሆነውን ደግሞ እንይ። ወደ ልባችን ቀኑን ሙሉ የሚፈሰው ምንድን ነው? ከእንቅልፋችን ስንነቃ መጀመሪያ የምናየው ምንድን ነው? መኝታ ላይ የመጨረሻው ድምፅስ የማን ነው? ፍሳሹን ሳናቆም ነቀላ ብቻ አይበቃም።

አሁን በቤቴ የጀመርሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ሕግ አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ለየቤታችሁ እንደሚሆን አድርጉት።

አንደኛ፣ ጊዜውን አሳነስሁት። በፊት «አንድ ሰዓት ካልሆነ ጸሎት አይባልም» እል ነበር። አንድ ሰዓቱ ስለማይገኝ ምንም ሳልጸልይ እውላለሁ። አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ እማዬ ቁርሷን በልታ ስታሸልብ። ትንሽ ናት፤ ግን አለች።

ሁለተኛ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። መዝጋት ብቻውን አልበቃኝም፤ ከዓይኔ መራቅ አለበት። መጽሐፍ ቅዱስንም በስልክ ሳይሆን ከወረቀቱ አነብባለሁ።

ሦስተኛ፣ የሚያባክነኝን ሐሳብ ከማባረር ይልቅ ወደ ጸሎት እቀይረዋለሁ። የቤት ኪራይ ትዝ ካለኝ ስለ ኪራዩ እጸልያለሁ። ያስቀየመችኝ ሴት ከመጣችብኝ ስሟን ጠርቼ እባርካታለሁ። እንደ ማርታ ብሶቴን ይዤ ወደ ጌታ እመጣለሁ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቃል ሲያልቅብኝ አጭር ጸሎት ይበቃኛል። ልጁ የታመመበት ያ አባት በማርቆስ 9፥24 ያለው በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነው፤ ማመኑንም አለማመኑንም አንድ ላይ ለጌታ ሰጠ። ጌታም ጸሎትህ አጭር ነው፣ እምነትህ ጎዶሎ ነው ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት።

አምስተኛ፣ ለሰው ተናገርሁ። ለባለቤቴ ነገርሁት። ሲሰማ ዝም አለና «እኔም እንደዚያው ነኝ» አለኝ። በአንድ አልጋ ላይ እየተኛን ሁለታችንም ተደብቀን ኖረናል! እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድካማችሁ ከሳምንታት አልፎ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ፣ ለመኖር ያላችሁን ፍላጎት ከወሰደባችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የእምነት ጉድለት አይደለም። የኤልያስን እንጎቻ የላከው ጌታ ሐኪሙንም ይጠቀማል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ወደዚያች እህት መመለሱ ነበር። በቀጣዩ ረቡዕ ለብቻዋ ጠራኋትና «ባለፈው የመለስሁልሽ መልስ ትክክል አልነበረም። እኔም ብቻዬን ከጸለይሁ ወራት ሆኖኛል» አልኋት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች። ካለቀሰች በኋላ «እኔ ብቻዬን የተጣልሁ መስሎኝ ነበር እኮ» አለችኝ። የእኔ ያማረ ጸሎት ለእሷ እንደ ግንብ ሆኖባት ነበር ማለት ነው። ወደ ጌታ የሚያስገባት ሳይሆን «አንቺ አትችዪም» የሚላት። ይህንን ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል። እናንተም በአገልግሎት ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ብርታታችንን ብቻ እያሳየን ደካማውን ከደጅ አናስቀር።

አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት እሷ ልጇን ይዛ እኛ ቤት ትመጣለች። ቀኑን የመረጥነው በአቡ ሩሚ ነው፤ ታሪኩን ነግሬያት ወደደችው። ሃያ ደቂቃ ደጁን እንዘጋለን። አንዳንድ ጊዜ ልጁ ያለቅስና አሥር ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ጭራሽ አልመጣችም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ተኝቼ አገኘችኝ። አልተወቃቀስንም። በቀጣዩ ቀን እንደገና ቀጠልን። ከመዝሙረ ዳዊት አንዳንድ ምዕራፍ በእማዬ አልጋ አጠገብ እናነብባለን።

እማዬን ስትሮክ ሲመታት ንግግሯ ሁሉ ሄዶ አንድ ቃል ብቻ ቀርቶላታል። «እሺ» የምትለው ቃል። ራባትም «እሺ»፣ አመማትም «እሺ»፣ ልጆቹ ሲስሟትም «እሺ» ትላለች። በመጀመሪያ ይህ ያስለቅሰኝ ነበር። ስንቱን መዝሙር በቃሏ የምታውቅ፣ በአዳር ጸሎት የማትደክም ሴት ነበረችና። አሁን መዝሙሩን አንብበን ስንጨርስ ዓይኗን ወደ ላይ ታነሣና ቀስ ብላ «እሺ» ትላለች። ማርያም ለመልአኩ የሰጠችው መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ ነው ያለችው (ሉቃስ 1፥38)። እኔ በብዙ ቃል ያልደረስሁበት ቦታ እናቴ በአንድ ቃል ትደርሳለች።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ የቀረህ አንድ ቃል ብቻ ቢሆን በእርሱ ጀምር። የቀረሽ አምስት ደቂቃ ቢሆን በእርሷ ደጅሽን ዝጊ። ጌታ ብርቱዎች እስክንሆን አይጠብቅም። ጸጋው እንደሚበቃ፣ ኃይሉም በድካም እንደሚፈጸም ለጳውሎስ የነገረው እርሱ (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9) ዛሬም ያው ነው።

እስቲ ይህን ገጽ ከማጠፋችሁ በፊት አብረን እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ልባችን ባክኗል፤ ጉልበታችን ዝሏል። በብዙ ቃል አንመጣም። አንተ ግን ታውቀናለህ። መንፈስህ በአንድ ጎን ይያዘን፤ እኛም ባለን አቅም በዚህኛው ጎን እንያዝ። ደጃችንን ስንዘጋ አንተ በውስጥ እንዳለህ አስታውሰን። ለፈቃድህም እሺ እንድንል እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ድረስ ሰላማችሁ ይብዛ። በጸሎታችሁ እናቴንና ያቺን ወጣት እናት አስቡልኝ። ለእኔም ጸልዩልኝ፤ እንደሚያስፈልገኝ አሁን ታውቃላችሁ።